የሰፈር ሱቅ በማን ደንብ ይኖራል?



የዛሬው ርዕሴ የመሬት አጠቃቀም ደንብ ነው፤ እዚህ አገር ዞኒንግ የሚሉት። ቅዳሜ ማታ የሚጫወቱት ጨዋታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው፣ የነበረው፣ አለዚያም ሊከፍት የሚያሰላስል ሰው የሌለበት የወንበር ረድፍ ያለ አይመስለኝም።

ነጋዴን «ሱቅህን የሚያቆመውና የሚጥለው ምንድን ነው?» ብትሉት ኪራይ ይላል፣ ደንበኛ ይላል፣ ታማኝ ሠራተኛ ማጣት ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ወረቀት አለ። በዚህ መንገድ ላይ ምን ይሸጣል፣ በምን ያህል ስፋት፣ ስንት የመኪና ማቆሚያ አስከትሎ የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ ያለቀው ነጋዴው ወደዚህ አገር ሳይመጣ በፊት ነው። ስለዚያ ወረቀት ነው የምናገረው። የምንኖረው እዚህ ስለሆነ በአብዛኛው ስለ ዋሽንግተን ዲሲ እናገራለሁ፤ መነሻዬ ግን ካሊፎርኒያ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1886፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዓመት፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ልብስ አጣቢ ጉዳይ ቀረበለት። ዪክ ዎ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ቻይናዊ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለ22 ዓመት ልብስ እያጠበ የኖረ ነው። ከተማው በእንጨት ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ለሚያንቀሳቅስ ሰው የተቆጣጣሪዎች ቦርድ ፈቃድ ያስፈልገዋል የሚል ደንብ አወጣ። የተሰጠው ምክንያት እሳት ነበር፤ ከተማው በአመዛኙ የእንጨት ስለነበር ምክንያቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። በከተማው ከነበሩት 320 ያህል ማጠቢያዎች 310 ያህሉ በእንጨት ቤት ውስጥ ነበሩ። 200 ያህል ቻይናውያን አመልክተው ሁሉም ተከለከሉ። ቻይናውያን ያልሆኑ 80 ያህል ሰዎች አመልክተው ከአንድ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ለዪክ ዎ ፈረደ፤ ደንቡ ሲነበብ ለሁሉም እኩል ቢመስልም በአድልዎ ከተሠራበት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሞደስቶ የምትባል የዚያው ግዛት ከተማ የልብስ ማጠቢያዎች ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ብቻ እንዲሆኑ ወስና ነበር።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ዞኒንግ አጀማመር ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 1916 ነው፤ ኒው ዮርክ መላ ከተማውን የሚሸፍን ደንብ ያወጣበት ዓመት። ፎቅ ፀሐይ እንዳይጋርድ፣ ፋብሪካ ከመኖሪያ እንዲርቅ ነበር ሐሳቡ። ከዚያ 30 ዓመት በፊት ግን በዚህ አገር የትናንሽ ንግድ ቤቶች ቦታ የሚወሰንበት ደንብ የተሞከረው በስደተኛ ባለሱቆች ላይ ነበር። እኛም ስደተኛ ባለሱቆች ነን።

ወደ ዋናው መስመር ልመለስ። በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌላ ጉዳይ አየ። ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ፣ ዩክሊድ የምትባል መንደር መሬቷን በአጠቃቀም ከፋፍላ ነበርና 68 ኤከር መሬት የነበረው አምብለር የሚባል ኩባንያ ከሰሳት። ስድስት ዳኞች ለመንደሯ፣ ሦስት ዳኞች ለኩባንያው ቆሙ፤ መንደሯ ረታች። ከዚያ ወዲያ በመላ አገሪቱ መኖሪያ እዚህ፣ ሱቅ እዚያ፣ ፋብሪካ ወዲያ ማዶ የሚለው አከፋፈል ሕጋዊ መሠረት አገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ክላረንስ ፔሪ የሚባል ሰው አንድ ሰፈር ምን መምሰል እንዳለበት ንድፍ አወጣ፤ ትምህርት ቤቱ መሐል፣ ቤቶቹ ዙሪያውን፣ ሱቆቹ ደግሞ ዳር፣ ትላልቅ መንገዶች የሚገናኙበት። ልጆች ዋና መንገድ ሳያቋርጡ ትምህርት ቤት እንዲደርሱ ማሰቡ መልካም ነው። ሱቁን ግን ከሰፈሩ ልብ አውጥቶ ከመኪናው ጎን አቆመው። የዛሬዎቹን የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች ስታዩ የምታዩት የፔሪን ንድፍ ነው፤ ያውም በእግር አምስት ደቂቃ ይበቃል ያለው ርቀት ተረስቶ።

በ1961 ጸሐፊዋ ጄን ጄከብስ ኒው ዮርክ ውስጥ ከምትኖርበት ከሃድሰን ጎዳና ተነሥታ ይህን አስተሳሰብ ስትተች፣ ከምስክሮቿ አንዱ የጎረቤቶቹን የቤት ቁልፍ በአደራ የሚይዝ ባለሱቅ ነበር። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። የዱቤ ደብተር ይዞ የመንደሩን ሁሉ ደመወዝ መውጫ ቀን በቃሉ የሚያውቅ ባለሱቅ ያላየ ማን አለ? አሜሪካኖቹ ግን ይህ በመጽሐፍ እንዲነገራቸው አስፈልጎ ነበር።

አሁን ዲሲ እንግባ። ከተማው የመጀመሪያውን የዞኒንግ ደንብ ያገኘው በ1920 ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የገዛን ደንብ ግን የ1958ቱ ነው። በካፒቶል ሂል፣ በሾው፣ በብሉሚንግዴል ወይም በፔትወርዝ ስትሄዱ በመንገድ ጥግ ላይ ያሉትን ቤቶች ልብ ብላችሁ እዩ። በሩ ጎኑን ቆርጦ ወደ መገናኛው የዞረ፣ መስኮቱ ከጎረቤቶቹ ሁሉ የሰፋ ቤት ታገኛላችሁ። ይህ ሱቅ ነበር። ዛሬ መጋረጃ ተጋርዶበት ሳሎን ሆኗል።

ማን ዘጋው? ቀጥታ የዘጋው የለም። ደንቡ ሰፈሩን የመኖሪያ ብቻ ብሎ ሲሰይም፣ ቀድሞ የነበረውን ሱቅ «ከደንቡ ጋር የማይሄድ ነባር አጠቃቀም» ብሎ ተወው። ነባሩ ይቀጥላል፤ ማስፋት ግን አይችልም፤ ከሦስት ዓመት በላይ ከተቋረጠ ደግሞ ባለቤቱ መብቱን እንደተወ ይቆጠራል። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ይታመማል እንበል። ልጆቹ ሱቁን ይዘጋሉ። ውርሱ እስኪጣራ አንድ ዓመት ተኩል ይሄዳል። ተከራይ ሲፈለግ፣ ቤቱ ሲታደስ፣ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲያ ያ ቤት በደንብ መኖሪያ ነው፤ ሱቅ ላድርገው ያለ ሰው ወደ ዞኒንግ ማስተካከያ ቦርድ ሄዶ በጠበቃና በመሐንዲስ መከራከር አለበት። ትንሽ ሱቅ ደግሞ የጠበቃ ወጪ አይሸከምም። ክልከላ ሳይታወጅ፣ ማንም ተጠያቂ ሳይሆን፣ ሱቆቹ አንድ በአንድ ከሰሙ።

በመስከረም 2016 ከተማው ደንቡን እንደ አዲስ ጽፎ ሥራ ላይ ሲያውል የጥግ ሱቅ በረድፍ ቤቶች ሰፈር ውስጥ እንደገና ቦታ አገኘ፤ ስፋቱ ከ1,200 ስኩዌር ፊት እንዳያልፍ፣ ማለትም ከ111 ካሬ ሜትር ያህል፣ ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎችም ተጨምረውበት። በእኔ አስተያየት ከሁሉም መለኪያ የተሻለው ይህ የስፋት ገደብ ነው። ማን እንደሆንክ፣ ከየት እንደመጣህ፣ የምትሸጠው በርበሬ ይሁን አበባ አይጠይቅም። ትንሽ ከሆንክ ግባ ይላል፤ ትልቅነት የሚያመጣውን የጭነት መኪናና ግርግር ራሱ ስፋቱ ይቆርጠዋል። ጃፓኖች ይህን ከእኛ ከተማ ቀድመው አውቀውታል። በአገር አቀፍ ሕጋቸው፣ ከሁሉ በጠበቀው ዝቅተኛ የመኖሪያ ቀጠና ውስጥ እንኳ፣ ሱቁ ከመኖሪያው ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ከ50 ካሬ ሜትር ካላለፈና ከቤቱ ስፋት ግማሹን ካልደረሰ ይፈቀዳል። ቀጥሎ ባለው ቀጠና 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጎረቤት ተሰብስቦ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም፤ ሕጉ አስቀድሞ መልሶታል። ቶኪዮ ውስጥ ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ከቤቷ ሥር ፀጉር ቤት ከፍታ ስታዩ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የምናገረው እኛን በቀጥታ ነክቶናል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በዲሲ አንዳንድ የሰፈር የንግድ ጎዳናዎች ላይ የቤት ፊትን የሚለካ ደንብ ነበር። ክሊቭላንድ ፓርክ ውስጥ፣ በኮኔቲከት አቬኑ፣ የምግብና የመጠጥ ቤቶች ፊት ተደምሮ ከጎዳናው የንግድ ፊት ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጎ ለዓመታት ቆየ። 14ኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት ላይም የኪነ ጥበብ ቀጠና ተብሎ በተሰየመው አካባቢ ተመሳሳይ 25 በመቶ ነበር፤ በ2010 ወደ 50 በመቶ ከፍ ተደረገ። ዓላማው የሚያስነቅፍ አይደለም። ምግብ ቤት ከብረት ዕቃ ሱቅ፣ ከጫማ ጠጋኝና ከመጻሕፍት ቤት የበለጠ ኪራይ መክፈል ይችላል፤ ካልተገደበ ጎዳናውን ሁሉ ይውጠዋል፣ ነዋሪውም ለአንዲት ቁልፍ ቅጂ መኪና መንዳት ይጀምራል። ይህ ስጋት እውነተኛ ነው።

ሒሳቡን ግን እንየው። 1,000 ጫማ ርዝመት ያለው የንግድ ፊት አለ እንበል። ሩቡ 250 ጫማ ነው። አንድ የረድፍ ቤት ፊቱ 20 ጫማ ቢሆን 12 ምግብ ቤቶች ይገባሉ፤ 13ኛው አይገባም። እነዚያ 12ቱ የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም ነባር ናቸው፤ ወጣቱ ነጋዴ ዕድሉን የሚያገኘው ከመካከላቸው አንዱ ሲወድቅ ወይም ቦታውን ሲሸጥለት ብቻ ነው። ስለዚህ የምግብ ቤት ፈቃድ ያለበት ቤት ከወጡና ከቡናው ጣዕም ውጪ የሆነ ዋጋ ያወጣል። በሌላ በኩል ፊቱ 60 ጫማ የሆነ ባንክ ሲመጣ በዚያ መቶኛ ውስጥ አይቆጠርም። ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ጨለማ የሚሆን ቅርንጫፍ ጎዳናውን ቢሞላው ደንቡ ዝም ይላል። አንድ ዓይነት ንግድ እንዳይበዛ የወጣ ደንብ፣ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሰበስበውን ንግድ ቆጥሮ ከሁሉ ይልቅ ጎዳና የሚያደርቀውን ሳይቆጥር ቀረ። ይህ ለእኔ የተገለበጠ ነው።

የእኛ ንግድ ቤቶች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፤ በየትኛው ረድፍ እንደሚጻፉ አይታወቅም። ከፊት እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጀበናና የሐበሻ ቀሚስ ይሸጣል። ከኋላ ሦስት ጠረጴዛ ተዘርግቶ ክትፎ ይበላል። ጥግ ላይ ገንዘብ የሚላክበት መስኮት አለ። ይህ በደንቡ ቋንቋ ችርቻሮ ነው? የምግብና መጠጥ ቤት ነው? የፋይናንስ አገልግሎት ነው? አንዱን ምረጥ ይሉሃል፤ የመረጥከው ደግሞ ነገ የምትሠራውን ይወስናል። እንጀራ ጋግሮ እዚያው መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ ለሌሎች ሱቆች በመኪና ማከፋፈል ግን በብዙ ከተሞች ደንብ ወደ ማምረቻ ይጠጋል፤ ማምረቻ ደግሞ የሰፈር ንግድ ጎዳና ላይ ላይፈቀድ ይችላል። እናት በቤቷ ምጣድ የጀመረችው ሥራ ሲያድግ የሚጋጨው ከዚህ ግድግዳ ጋር ነው።

ከአዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ተነሥተን ወደ 9ኛውና ዩ ጎዳናዎች የሄድነው ኪራይ እየገፋን ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ 9ኛው ጎዳና አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። ሰፈሩ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ የጥቁሮች ብሮድዌይ ይባል የነበረ ነው፤ ቅሬታቸው ይገባኛል። ሎስ አንጀለስ ላይ የፌርፋክስ አቬኑ ወገኖቻችን በ2002 ስሙን አግኝተዋል፤ ደስ ይበላቸው። እኛ ስለ ስሙ ብዙ ተጨቃጨቅን። ስለ 25 በመቶው ግን በማንኛውም የማኅበር ስብሰባ ላይ ሲነሣ አልሰማሁም። ስም ግን ኪራይ አያስቀንስም፣ ፈቃድም አያወጣም።

ስለ ሳን ፍራንሲስኮ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዪክ ዎ ከተማ ደህና ደንብም ወጥቷልና። ከተማው ከ1987 ጀምሮ የሰፈር ንግድ ቀጠናዎች አሉት፤ የንግድ ቤቶችም ስፋት ይገደባል። በ2006 ነዋሪዎች በድምፃቸው አንድ ነገር ጨመሩ፤ በእነዚህ ቀጠናዎች የሚከፈት ሰንሰለታማ ሱቅ ልዩ ፈቃድ መጠየቅና በችሎት ፊት መቅረብ አለበት። ሰንሰለታማ የሚባለው ሌሎች 11 ተመሳሳይ ቅርንጫፎች ያሉት ነው። ከእኛ አንዱ 11 ምግብ ቤት ከፍቶ ለ12ኛው እንደ ስታርባክስ ቢጠየቅ፣ ለዚያ ያብቃን ከማለት ሌላ ቅሬታ የለኝም። ይህን ደንብ የምወደው የሚቆጥረው ቅርንጫፍ እንጂ ሰው ስላልሆነ ነው። ነውሩም አለው፤ ያው ከተማ ለትንሹ ነጋዴም ፈቃዱን እያጓተተ ስላስለቀሰው በ2020 ነዋሪዎች እንደገና ድምፅ ሰጥተው በሰፈር ጎዳናዎች ላይ ፈቃድ እንዲፋጠን አደረጉ። ወራት የሚፈጅ ችሎት ባዶ ቤት እየተከራየ ለሚጠብቅ ሰው ከክልከላ አይለይም።

ከከተማው ወጣ ስንል ትልቁ ጠላት ፓርኪንግ ነው። በብዙ የአሜሪካ ዳርቻ ከተሞች ለ1,000 ስኩዌር ፊት ሱቅ 4 የመኪና ማቆሚያ ይጠየቃል፤ ለምግብ ቤት 10 የሚጠይቁም አሉ። አንድ መኪና ከመዞሪያው ጋር 300 ስኩዌር ፊት ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ 1,000 ስኩዌር ፊት ለሆነች ሱቅ 1,200 ስኩዌር ፊት አስፋልት፣ ለዚያው ስፋት ምግብ ቤት ደግሞ 3,000። ሱቅ ሳይሆን ሱቅ የታከከበት ሜዳ ነው የምትከራዩት። ዲሲ በዚህ በኩል ደህና ናት፤ ለችርቻሮ ሱቅ የመጀመሪያው 3,000 ስኩዌር ፊት ከማቆሚያ ግዴታ ነጻ ነው። ቡፋሎ በ2017 ዝቅተኛውን የማቆሚያ ግዴታ በመላ ከተማው አንሥታለች። አሌክሳንድሪያም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትከራዩ ግን የማቆሚያውን ቁጥር ከኪራዩ ቁጥር እኩል ጠይቁ።

አገር ቤትስ? በአጭሩ። አዲስ አበባ የሰፈር ሱቅ የበቀለባት ደንብ ጠርቶት ሳይሆን አጥር እየተበሳ ነው። የግቢው አጥር ላይ በር ይወጣለታል፣ መደርደሪያ ይገባል፣ ሱቅ ሆነ። በአርከበ ዕቁባይ የከንቲባነት ዘመን ለሥራ አጥ ወጣቶች በየመንገዱ ዳር የተሰጡት ትናንሽ ሱቆች እስከ ዛሬ በአርከበ ስም ይጠራሉ። ብዙ ሰው እንጀራ በልቶባቸዋል፤ ከመሬቱ ጋር የሚያስራቸው ጽኑ መብት ስላልነበራቸው ግን ለመነሣት ቅርብ ነበሩ። በሌላ በኩል የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቆች በጨረታ ተሸጡ፤ መብቱ ጽኑ ነው፣ መግቢያው ግን ገንዘብ ላለው ነው። ሦስቱን ዓይነት ያየ ሰው ደንብ የሌለበት አገር ናፋቂ አይሆንም። አጥር በስተው የተከፈቱት ሱቆች ሲነሡ አቤት የሚባልበት ወረቀት አልነበራቸውም።

እዚህ ወረቀቱ አለ። ስለዚህ የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ቤቱ በየትኛው ቀጠና እንዳለ የዞኒንግ ቢሮው ካርታ በነጻ ያሳያል። ቀጥሎ «ሲ ኦፍ ኦ» የሚባለውን የቤት አጠቃቀም ማረጋገጫ ጠይቁ፤ የመጨረሻው ምን ተብሎ እንደተሰጠና ቤቱ ባዶ ከሆነ ስንት ዓመት እንደሆነው። ባለቤቱ «ድሮ ምግብ ቤት ነበር» ካላችሁ፣ ድሮ መቼ ነው በሉት፤ ሦስቱን ዓመት አስታውሱ። ሦስተኛው፣ ጎዳናው የመቶኛ ገደብ አለበት ወይ የሚለው ነው። አከራይ ይህን የመንገር ግዴታ ያለበት እንዳይመስላችሁ፤ ኪራዩ ደግሞ ፈቃድ ቢወጣም ባይወጣም ይቆጥራል።

ጉዳዩ ቦርድ ፊት ከደረሰ ደግሞ ደንቡን ማን እንደሚጽፍና የማን ድምፅ እንደሚሰማ ማወቅ ያሻል። ደንቡን የሚጽፈው የዞኒንግ ኮሚሽን አምስት አባላት አሉት፤ ሦስቱን ከንቲባዋ ትሾማለች፣ ሁለቱ የፌደራል መንግሥት ወንበሮች ናቸው። አንዱንም ሕዝብ አይመርጠውም። ሕዝብ የሚመርጠው ኤ ኤን ሲ የሚባለውን የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው። እያንዳንዱ ተመራጭ የሚወክለው 2,000 ያህል ነዋሪዎችን ብቻ ነው፤ ሕጉ ግን ቦርዱ ለዚህ የሰፈር ኮሚሽን አስተያየት ትልቅ ክብደት እንዲሰጥ ያዝዛል። በችሎቱ ላይ ግለሰብ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ እነዚያን ሦስት ደቂቃዎች የሚጠቀምባቸው ሱቁን የማይፈልገው ጎረቤት ነው፤ ሱቁን የሚፈልጉት መቶ ደንበኞች በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው።

የኤ ኤን ሲ ምርጫ በየሁለት ዓመቱ ኖቬምበር ላይ ይካሄዳል። ደመወዝ የለውም። ብዙ ወንበር ያለ ተፎካካሪ ይያዛል፣ አንዳንዱም ባዶ ይቀራል። ከ2024 ጀምሮ ዜግነት ያልወሰዱ የዲሲ ነዋሪዎችም በከተማው ምርጫ ድምፅ ሰጥተዋል። ለዚህ ወንበር ለመወዳደር የሚጠየቀው በዚያው ሰፈር የተመዘገቡ የ25 መራጮች ፊርማ ነው፤ አንድ መካከለኛ እድር ካለው አባል ያንሳል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። የኪራይ ውል ወይም «ሲ ኦፍ ኦ» ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ከጥያቄው በኋላ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አብረን እናነበዋለን።